የሎሪንግ ተውላጠ ስም

ኢሎኢሎ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ የምናስተምር ሰዎች እንኳ ሳንቀር ባልን ሴት፣ ሚስትን ወንድ እናደርጋለን። ብዙም አይፈረድብንም። በቋንቋችን ለወንዱም ለሴቷም ያለችው አንዲት ቃል «ሲያ» ናት፤ ማን እንደመጣ እንጂ መጣ ይሁን መጣች አያስጨንቀንም። እንግሊዝኛ ግን ገና አፋችንን ሳንከፍት «ሂ» ወይስ «ሺ» ብሎ ያፋጥጠናል፤ እኛም ሲጨንቀን አንዱን እንወረውራለን። የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ማናንግ ዴሊያ፣ እትዬ ዴሊያ እንደማለት ነው፣ ባሏ የታመመ ጊዜ ደውላ፣ «ባሌ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ፕሮስቴቷን ሊያዩላት ነው» ስትለን ማንም አልሳቀም። «እግዜር ይማራት» ብለን ስልኩን ዘጋን።

እኔን ግን ይቺው ስህተት ከሥራዬ ልታፈናቅለኝ ነበር። ያኔ በዩኒቨርሲቲው በኮንትራት እያስተማርኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚያው የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ማስተርሴን እማር ነበር። ማስተርስ የሌለው መምህር ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ክፍል እንደማይሰጠው ተነግሮናል፤ ለእኔ የተፈቀደልኝ የትምህርት ዘመን ደግሞ በዚያው ሴሚስተር ያልቃል። መመረቂያ ጽሑፌ ከወደቀ እኔም አብሬው ወደቅኩ ማለት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት የአክስቴ ዳቦ ቤት ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋል አለችኝ። እሷ ይህን ማጽናናት ትለዋለች።

ጽሑፌ በአንዲት አጭር ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ያገኘኋት ከጦርነቱ በኋላ ኮሌጃችን ያሳትመው በነበረ፣ ጥጋጥጉን ምስጥ በበላው መጽሔት ውስጥ ነው። ርዕሷ «ስኳር ድንች» ይላል፤ የጻፈቻት ፑሪፊካሲዮን ጋሌጎ የምትባል የዚያን ጊዜ ተማሪ ናት። ታሪኩ ቀላል ነው። የጃፓን ጦር ከተማውን ሲይዝ የአንዲት ልጅ ቤተሰብ ወደ ተራራው ይሸሻል፤ አሮጊቶቻችን እስከ ዛሬ «ባክዊት» እያሉ የሚያወሩት ያ ሽሽት ነው። ተራራው ላይ ከሌላ ቤተሰብ ጋር አንድ ጎጆ ይጋራሉ። እዚያ ሎሪንግ የሚባል እኩያዋ አለ። ሁለቱ ስኳር ድንች ይቆፍራሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ወታደር ሲመጣ ይደበቃሉ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ መንገድ ላይ ይለያያሉ። አለቀ።

አለቀ ማለት ይቻል ነበር፣ ሎሪንግ ወንድ ይሁን ሴት ቢታወቅ ኖሮ። ውሃ ሊቀዳ ከጎጆው የወጣው ሎሪንግ ወንዙ ዳር ተቀምጣ እግሯን ትታጠባለች፤ ከዚያ ባልዲውን ተሸክሞ ይመለሳል። አንዱ መስመር ላይ ሂ፣ ቀጣዩ ላይ ሺ። ስሙም አይረዳም፤ ሎሬንሶም ሆነ ሎሬንሳ ቤት ውስጥ ሎሪንግ ነው የሚባሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ጂፕኒ ታክሲ ውስጥ ነበር፤ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

አማካሪዬ ዶክተር ሂኖላን ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ነገር ሁሉ ከሥሩ ሌላ ነገር አለው ብለው የሚያምኑ ሴት ናቸው። ታሪኩን ሳሳያቸው ዓይናቸው በራ። ደራሲዋ አልተሳሳተችም፣ ሆን ብላ በቅኝ ገዢ ሰዋስው ላይ ሸፍታለች ብለው እዚያው ወሰኑ። እኔም የአማካሪ ቃል አይናቅም ብዬ፣ ስለ ሽፍትነቱ ገጽ በገጽ ላይ ስደራርብ ከረምኩ።

ሰር ሱፕሊዶ ደግሞ አሉ። ሰዋስው ሲያስተምሩ ያረጁ፣ የሠርግ መጥሪያ ሲደርሳቸው እንኳ አርመው የሚመልሱ ሰው ናቸው። ከፈታኞቼ አንዱ ሆነው ተመደቡልኝ፤ ተመደቡብኝ ብል ይሻላል። ረቂቄን አንብበው ሲመልሱ፣ ሴትዮዋ አልሸፈተችም፣ ሂና ሺ ተምታታባት እንጂ አሉ። የገዛ ሚስታቸው ያን ዕለት ጠዋት ሴት አማቷን ሂ ስትል እንደሰሙም ጨመሩልኝ። እሳቸውና ዶክተር ሂኖላን ከተኮራረፉ ስለቆዩ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። ያኛዋ «ንገሪው» ይሉኛል፣ ያኛው «ንገሪያት» ይሉኛል፤ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ቀጠንኩ።

«ስሚ ሜርሊ» አሉኝ አንድ ቀን ሰር ሱፕሊዶ፣ ኦቾሎኒያቸውን እየፈለፈሉ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። እያንዳንዷ ሂ፣ እያንዳንዷ ሺ ታስቦባት የተቀመጠች መሆኗን አሳዪኝ፣ እፈርማለሁ። አንዷም ሳትቀር ግን። ስህተት ከሆነ ይሄ ሁሉ ገጽ ለስህተት የተጻፈ ውዳሴ ነው። እሱን አላሳልፍም።»

በጣም ተናደድኩ። ያናደደኝ እውነታቸውን መሆኑ ነበር። ያን ሁሉ ገጽ ስጽፍ ሎሪንግ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ማወቅ እንዳለብኝም ማንም አልነገረኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነገሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ፈተና ሳርም ሎሪንግ፣ ሩዝ ስጥድ ሎሪንግ። ሥራዬ መቅረቱ ያስፈራኝ ነበር፤ ሳላውቅ መቅረቱ ግን የበለጠ አንገበገበኝ።

የቢሯችን በር ላይ «እዚህ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገራል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ስለዚህ ማናንግ ዴሊያ ረቂቄ ላይ የደራሲዋን ስም ስታይ የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነበር።

«እሱን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «አራተኛ ክፍል አስተምሮኛል። ጊማራስ ነው ያለው። ባለፈው ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን አየሁት፤ ቀሚሱ እንዴት እንዳማረበት።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እኔ ሴትዮዋን ድሮ የሞቱ አድርጌ ነበር የማስባቸው፤ እሳቸው ለካ ከባሕሩ ማዶ፣ ጀልባው አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ በማይፈጅበት ደሴት ላይ ቀሚስ ለብሰው ያስቀድሳሉ። ሄጄ ልጠይቃቸው ነው ብዬ ለአማካሪዬ ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። ጽሑፍ አንዴ ከታተመ ደራሲው እንደሞተ እንደሚቆጠር አስረዱኝ። «ማም፣ ጊማራስ ናቸው እኮ» አልኳቸው። ለንድፈ ሐሳቡ ለውጥ እንደማያመጣ ነገሩኝ። በማግስቱ ጀልባ ተሳፈርኩ።

ማም ጋሌጎ በረንዳቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር ያገኘኋቸው። ሰማንያን ያለፉ፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ጠብቀው ያሰሩ፣ አንድም ቀን ጋደም ብለው የማያውቁ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ስምና ጉዳዬን በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። «ስለ ታሪክዎ» ልወያይ ነው የመጣሁት ስል እጃቸውን አነሱ።

«ዲስከስ ካልሽ አባውቱን ተይው» አሉኝ። «አያስፈልገውም። አሁን ቀጥዪ።»

ሁለተኛ ዲግሪ ልይዝ የደረስኩት ሴትዮ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ወዲያው ግን ልቤ ዘለለ። አባውት የማታመልጣቸው ሴት ሂና ሺ አይምታቱባቸውም። ይህን እያሰብኩ ጥያቄዬን ላቀርብ ስል ከለከሉኝና መጀመሪያ ታሪኩን አንብቢልኝ አሉ። ማንበብ ጀመርኩ።

ገና ከሁለተኛው አንቀጽ ሳልደርስ ከጓሮ በኩል አንዲት ቀጭን አሮጊት ዶሮ እያባረሩ ብቅ አሉ። የተላጠ ማንጎ በሳህን ይዘዋል፤ ሳህኑን ፊቴ አስቀምጠው እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። የሚናገሩት በእኛው ቋንቋ ነው።

«ይቺ ደግሞ ምን አጥፍታ ነው?» ብለው ጠየቁ። «ጡረታ ወጥተሽም ሰው ታስነብቢያለሽ?»

«ታሪኬን ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው። የባክዊቱን።»

«እ፣ ያ የእንግሊዝኛው» አሉ አሮጊቷ ወደ እኔ ዞረው። «እኔም አለሁበት ይባላል። ምን እንዳደረገችኝ ግን አላውቅም። እንግሊዝኛ ሲነሳ እኔ ወደ ዶሮዎቼ ነኝ።»

የያዝኩት ማንጎ ከአፌ ሳይደርስ ቀረ። ስማቸውን ጠየቅኳቸው።

«ሎሪንግ» አሉኝ።

ጉትቻቸውን አየሁ፣ ቀሚሳቸውን አየሁ፣ መልሼ ጉትቻቸውን አየሁ። ዶክተር ሂኖላንና ሰር ሱፕሊዶ በእኚህ ሴት ላይ ሲከራከሩ ስንት ጊዜያቸው፤ አንዳቸውም ሎሪንግ ማንጎ ልጣ ታቀርባለች ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። እኔም አላሰብኩም። «ሴት ነዎት እንዴ?» የሚል ሞኝ ጥያቄ ከአፌ አመለጠ።

ሎላ ሎሪንግ (አሮጊቶቻችንን «ሎላ»፣ አያቴ፣ ብለን ነው የምንጠራቸው) ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ልጆች እንደወለዱ፣ ባላቸውን እንደቀበሩ፣ የልጅ ልጆቻቸው እንኳ ይህን ጠይቀዋቸው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ከዚያ ነገሩን ከመጀመሪያው አወሩልኝ፤ ብዙ ጊዜ ያወሩት መሆኑ ያስታውቃል። ወታደሮቹ ሴት ልጅ ይወስዳሉ የተባለ ሰሞን እናታቸው ፀጉራቸውን ከርክማ የወንድማቸውን ሱሪ አለበሰቻቸው። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ «ኢንዳይ»፣ ወንድ ልጅ «ቶቶ» ተብሎ ነው የሚጠራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንዳይ የነበሩት ሎሪንግ ቶቶ ሆኑ።

«የተቀየረችው ይቺ አንዲት ቃል ብቻ ናት» አሉኝ። «ሌላ ምን ይዋሻል? ወንድም ሲያ፣ ሴትም ሲያ። እናቴ ውሸት አትችልም ነበር፤ ቋንቋው ረዳት።»

ማም ጋሌጎም አንድ ክረምት ሙሉ ቶቶ ነው ብለው አምነው ነበር። አንድ ቀን ወንዝ ሲሻገሩ ሎሪንግ ተንሸራታ ውሃው ውስጥ ወደቀች፤ ልብሱ ሰውነቷ ላይ ሲጣበቅ ነገሩ ታወቀ።

«ልትጮህብኝ ስትል አፏን አፈንኩት» አሉ ሎላ ሎሪንግ። «ነከሰችኝ። ይኸው ምልክቱ እዚህ ነበር፤ አሁን ከሽብሽባቱ ጋር ተቀላቅሏል።»

ከዚያ በኋላ ከቤተሰቡ ሌላ ምስጢሩን የሚያውቁት ማም ጋሌጎ ብቻ ሆኑ። መጽሔቱ ላይ ባለው ታሪክ ውስጥ ሎሪንግ ብቅ የምትለውም ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ ሳዳምጥ ማም ጋሌጎ መጽሔቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉትና ወደ እንግሊዝኛቸው ተመለሱ።

«ሂ ያልኩበትን ቦታ ፈልጊ» አሉኝ። «ከዚያ ራስሽን ጠይቂ። እዚያ ሌላ ማን አለ?»

ፈለግኩ። ሎሪንግ ከጎጆው ሲወጣ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ጎረቤት በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሂ። ወንዙ ዳር ከተራኪዋ በቀር ማንም የለም፤ ሺ። ባልዲውን ይዞ ሲመለስ ወታደሮች ጎጆው ደጅ ቆመዋል፤ ሂ። ሌሊት ምንጣፍ ሥር ሲያንሾካሹኩ፤ ሺ። ገጹን በገለበጥኩ ቁጥር ጉንጬ በፈገግታ ይለጠጣል። ታሪኩን በቃሌ ልወጣው ደርሼ ሳለ፣ በእያንዳንዱ ትዕይንት ውስጥ ማን እንዳለና እንደሌለ አይቼ አላውቅም ነበር። ቅኝ ገዢውን ስፈልግ በር ላይ የተቀመጠችውን ጎረቤት አላየኋትም።

«ሰው ባለበት ወንድ ናት፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ሴት ናት» አሉ ማም ጋሌጎ። «ኑሯችን እንዲያ ነበር፤ እንዲያው ጻፍኩት።»

ታዲያ ለምን የሆነ ቦታ ላይ አላብራሩትም አልኳቸው።

«አንባቢ ይህን ያህል ሰነፍ ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም» አሉኝ።

ተሰድቤ ይህን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዳቦ ቤቱ ከፊቴ ብን ብሎ ጠፋ። እስከ መጨረሻው ገጽ እያጣራሁ ሄድኩና የመጨረሻዋ መስመር ላይ ቆምኩ። ጦርነቱ አብቅቷል፣ ቤተሰቦቻቸው ቀድመው ሄደዋል፣ መንገዱ ላይ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «ሎሪንግ ስኳር ድንቹን ለሁለት ገመሰ፤ ትልቁን ለእኔ ሰጥቶ ቁልቁል ወረደ።» ወረደ፣ ሂ። ሺ መሆን ነበረባት። ደግሜ አየሁት። ከመንገዱ ዳር ሰው ተደብቆ እንደሆነ ብዬ ሁሉ አንቀጹን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ማንም የለም።

ሎላ ሎሪንግ በዚያ መሃል ወደ ዶሮዎቻቸው ተመልሰው ነበር። መስመሩን በጣቴ አሳየኋቸውና እዚህ ጋ ሌላ ማን አለ አልኳቸው። ማም ጋሌጎ መነጽራቸውን አወለቁ። ቀሚሳቸው ጫፍ ላይ ጠረጉት፣ አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት።

«እሱ ስህተት ነው» አሉ።

«ስህተት?»

«ተማሪ ነበርኩ። ሂና ሺ ይምታታል። ስህተት ነው ብለሽ ጻፊ።»

አላመንኳቸውም። አባውትን እንኳ ያላለፉ ሴት በገዛ ታሪካቸው የመጨረሻ መስመር ላይ ያን ስህተት ሠርተው ይህን ሁሉ ዘመን በሰላም አይተኙም። ግን ምን ልበል? ደራሲዋ እሳቸው ናቸው። ማንጎዬን ጨርሼ አመስግኜ ተነሳሁ። ሎላ ሎሪንግ እስከ አጥሩ ሸኙኝና የፈተናው ቀን ሰው መግባት ይፈቀድለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ይፈቀዳል አልኳቸው።

«ይበላል?»

«ፈታኞቹን የማበላው እኔ ነኝ፣ ሎላ። ወጉ ነው።»

«እንመጣለን» አሉ።

ጽሑፌን እንደገና ከመጀመሪያው ጻፍኩት። ሽፍትነቱን ሁሉ አውጥቼ ጣልኩ፤ በምትኩ ማን የት እንደቆመ ጻፍኩ። ዶክተር ሂኖላን አመፃቸው የፀጉር ቆረጣ ሆኖ በመቅረቱ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም ቶሎ ተጽናኑ፤ «የአደባባይና የጓዳ ተውላጠ ስም» የሚል ስም አወጡለትና የራሳቸው ሐሳብ ይመስል ለሰው ያወሩ ጀመር። የመጨረሻዋን መስመር በተመለከተ ግን የታዘዝኩትን አደረግኩ። ደራሲዋ ራሳቸው ስህተት መሆኑን አረጋግጠዋል ብዬ ጻፍኩ። ሰር ሱፕሊዶ አንዷም ሳትቀር ማለታቸውን ግን አልረሳሁትም።

የፈተናዬ ቀን ከክፍሉ ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ፓንሲት ሞሎ የሚባለውን ሾርባችንን በትልቅ ድስት፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ሩዝ ደረደርኩ። ሁለቱ አሮጊቶች በጠዋቱ ጀልባ መጥተው፣ ማም ጋሌጎ እንደ ተቆጣጣሪ ቀጥ ብለው፣ ሎላ ሎሪንግ ወደ ምግቡ ጠጋ ብለው ተቀምጠዋል። ማናንግ ዴሊያ የድሮ አስተማሪዋን እጅ ለአክብሮት ግንባሯ ላይ አስነክታ፣ እዚህም በር ላይ ያለውን ማስታወቂያ አይታ፣ «እሱ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል» አለቻቸው በእንግሊዝኛ። ማም ጋሌጎ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ። ሰር ሱፕሊዶ አላቋረጡኝም። የታሪኩን ቅጂ ይዘው እያንዳንዷን ሂ፣ እያንዳንዷን ሺ በእርሳስ እየነኩ ተከተሉኝ። ቀስ በቀስ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ፈገግ አሉ፤ ለካ እሳቸውም ትክክል ከሆነ ነገር ጋር ሲገናኙ ደስ ይላቸዋል። እርሳሷ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህስ ሌላ ማን አለ?»

«ማንም የለም ሰር።»

«እንግዲያው?»

«ደራሲዋ ስህተት ነው ብለዋል።»

ሰር ሱፕሊዶ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የታሪክ መጨረሻ ላይ፣ ደራሲ ከሁሉ በላይ በሚጠነቀቅባት መስመር ላይ ስህተት ከገባ፣ ሌሎቹ ስህተት እንዳልሆኑ በምን እናውቃለን አሉ። ምናልባት ሁሉም በድንገት ገጥመው ይሆናል፣ ምናልባት ሴትዮዋ ዛሬ ላይ ሆነው ሥርዓት ሠርተውላቸው ይሆናል። እያዘኑ መሆናቸው ያስታውቅ ነበር፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። እንዲህ እንዳለ መፈረም እንደማይችሉ ተናገሩ። ዶክተር ሂኖላን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሳቸው ዞሩ። እኔ የማየው ዳቦ ቤቱን ብቻ ነበር፣ ከነምድጃው።

«ስህተት አይደለም» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ማም ጋሌጎ ቆመዋል።

«ዕድሜ ልኬን እንግሊዝኛ ሳስተምር ሂን ከሺ አምታትቼ አላውቅም» አሉ በዚያ ጥርት ባለ እንግሊዝኛቸው። «ልጅቷ እንድትዋሽ ያደረግኳት እኔ ነኝ።»

ሰር ሱፕሊዶ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ የአስተማሪ አክብሮት ነው። ታዲያ ያቺ ሂ ምንድን ናት ብለው በትሕትና ጠየቁ። ማም ጋሌጎ በእንግሊዝኛ ሊመልሱ ጀመሩና አቆሙ። ሎላ ሎሪንግ ምን እየተባለ እንደሆነ ሳይገባቸው የድስቱን ክዳን ከፈት አድርገው እያሸተቱ ነበር። ማም ጋሌጎ ለጥቂት ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ክፍል ውስጥ በእኛ ቋንቋ መናገር ጀመሩ። የሎላ ሎሪንግ እጅ ክዳኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ቶቶ ነው ብዬ ሳምን ወድጄው ነበር» አሉ። «ልጅ ነበርኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወንዙ ውስጥ ወደቀችና ቶቶ የሚባል ልጅ እንደሌለ አወቅኩ። ጓደኛ አገኘሁ፣ እግዜር ይመስገን፣ እስከ ዛሬ አለች። እሱ ግን ከልቤ ቶሎ አልወጣም። ያን ቀን መንገዱ ላይ ስንለያይ ሎሪንግን እንደማገኛት አውቅ ነበር። አስተማሪ ስሆን ጊማራስ መድቡኝ ብዬ ተከትያት ሄድኩ፣ አገኘኋትም። ቁልቁል የወረደው ቶቶ ነው። እሱን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

እኔ አለቀስኩ፤ ፈተና ላይ መሆኔን ረስቼው ነበር። ሰር ሱፕሊዶ ተቀመጡ፣ እርሳሳቸውን አንስተው ጽሑፌ ላይ «ስህተት» የምትለዋን ቃል በቀጭኑ ሰረዙ፣ ከዚያ ብዕር አውጥተው ፈረሙ። ወረቀቱን ወደ ዶክተር ሂኖላን ሲያሳልፉ በእኔ በኩል አልላኩትም። በእጃቸው ሰጧቸው።

ሰዉ ወደ ምግቡ ሲነሳ ሎላ ሎሪንግ አልተነሱም። ማም ጋሌጎ አጠገባቸው ተመልሰው እስኪቀመጡ ጠበቁ።

«ለምን በእንግሊዝኛ ጻፍሽው?» ብለው ጠየቋቸው።

«አንቺ እንዳታነቢው።»

ሎላ ሎሪንግ ራሳቸውን ነቀነቁ። መቆጣታቸው ይሁን ሌላ ነገር አልለየሁም። ጠረጴዛው ላይ የተውኩትን መጽሔት አንስተው ማም ጋሌጎ ጭን ላይ አስቀመጡት።

«አሁን አንብቢልኝ» አሉ።

ማም ጋሌጎ መነጽራቸውን አድርገው እንግሊዝኛውን ወደ እኛ ቋንቋ እየመለሱ ማንበብ ጀመሩ። እኔ ሾርባ እየቀዳሁ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ጎጆው ጋ ሲያ፣ ወንዙ ዳር ሲያ፣ ወታደሮቹ ፊት ሲያ፤ እኔን ያን ሁሉ ጊዜ ያንገላታኝ ሂና ሺ አንዱም አልተሰማም። ሎላ ሎሪንግ አንዳንዴ ይስቃሉ፣ አንዳንዴ እንዲህ አልነበረም ብለው ያርማሉ። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ማም ጋሌጎ ትንሽ ቆም አሉ። ሎሪንግ አላሉም፣ ሲያም አላሉም። «ቶቶ ስኳር ድንቹን ለሁለት ገመሰ» አሉ።